ጨውና ቆዳ፦ ወጥ ውስጥ የገባው ጨው ኤግዚማን ያባብሳል ወይ?

ጨው በአገራችን ከማጣፈጫነት አልፎ ብዙ ታሪክ ያለው ነገር መሆኑ የታወቀ ነው። አሞሌው እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ኖሯል፤ ‹‹ጨው ለራስህ ብትል ጣፍጥ፣ አለበለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል›› የሚለውን ተረትም ያልሰማ የለም። ለዛሬ ግን ላነሳላችሁ የፈለግሁት ስለ አሞሌ ታሪክ ሳይሆን፣ የበላነው ጨው ከሆድ ካለፈ በኋላ ቆዳችን ላይ የሚሠራው ሥራ ይኖር ይሆን ወይ ስለሚለው ጥያቄ ነው። በተለይም ኤግዚማ፣ በአገርኛው ችፌ የምንለው፣ የሚያሳክክና የሚቆጣ የቆዳ ሕመም ያለበት ሰው ጨው ቢቀንስ ይሻለዋል ወይ?

ነገሩ የተነሳው ክፍል ውስጥ ነው። በዜና አጻጻፍ ኮርስ ላይ እያንዳንዱ ቡድን አንድ የውጭ የጤና ዜና መርጦ ወደ አማርኛ እንዲመልስ ታዘዘ። የእኛ ቡድን የመረጠው እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣን አንድ የጨውና የኤግዚማ ጥናት የሚመለከት ዜና ነበር። አምስት ነን፤ ሦስቱ ርዕሱን ‹‹ጨው ኤግዚማ ያመጣል›› ብለው ጻፉ። አንደኛው ደግሞ ‹‹በሽተኞች ጨው እንዳይበሉ ተከለከሉ›› አለ፤ ማን እንደከለከላቸው እንጃ። እኔ ‹ያመጣል› የሚለው ቃል አልዋጥልኝ አለና ዋናውን ጥናት ፈልጌ ማንበብ ጀመርኩ።

ለእኔ ደግሞ ጉዳዩ የክፍል ሥራ ብቻ አልነበረም። ደብረ ብርሃን ያለችው ታናሽ እህቴ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ኤግዚማ አለባት። የክርኗ መታጠፊያና ከጉልበቷ በስተኋላ ያለው ቆዳ ይቀላል፣ ይደርቃል፣ ስታክከው ደግሞ ያዣል። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሲመጣማ ሌሊቱን ስታክክ ነው የምታድረው። አምና አንዲት ጎረቤታችን ‹‹ጨው ነው የሚያመረቅዘው፣ አታብያት›› ብለው እናቴን መከሯት። ከዚያ ወዲህ የእሷ ወጥ ያለ ጨው ለብቻ በትንሽ ድስት መሠራት ጀመረ። እስቲ ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ጨው የሌለው ሽሮ አቅርቡላትና እዩ። ሁለት ጉርሻ ጎርሳ ሰሃኑን ገፋ ታደርገዋለች። ስለዚህ ሴትዮዋ ያሉት ልክ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ለእኛ ቤት የምሳና የራት ጥያቄ ነበር።

በመጀመሪያ ኤግዚማ ራሱ ምንድን ነው?

ችፌ የሚለው ስም በየቤቱ ለብዙ ዓይነት የቆዳ ችግር ስለሚሰጥ መለየቱ ይጠቅማል። ጭርት በፈንገስ የሚመጣ ነው። እከክ በዓይን በማትታይ ተባይ ይመጣል፣ ከሰው ወደ ሰውም ይተላለፋል። ሐኪሞች አቶፒክ ደርማታይተስ የሚሉት ዋነኛው የኤግዚማ ዓይነት ግን አይተላለፍም። አብሮ መብላትም ሆነ አብሮ መተኛት አያስይዝም። (በዚህ ምክንያት ዶርም ውስጥ አልጋ የቀየራችሁ ካላችሁ ተመለሱ።) በዘር የመሄድ ጠባይ አለው፤ አስም ወይም የአፍንጫ አለርጂ ባለባቸው ቤተሰቦች ዘንድም በብዛት ይታያል።

በሽታው ሁለት ነገር በአንድ ላይ ነው። አንደኛው የቆዳው ግድግዳ መሳሳት ነው። ጤነኛ ቆዳ በደንብ እንደተመረገ የጭቃ ቤት ግድግዳ ነው ብላችሁ አስቡት፤ ምርጊቱ የውስጡን እርጥበት ይይዛል፣ ከውጭ የሚመጣውን ይመልሳል። ኤግዚማ ያለበት ቆዳ ግን ምርጊቱ የረገፈ ግድግዳ ነው። እርጥበቱ ይወጣል፤ አቧራው፣ ሳሙናውና ጀርሙ ይገባል። ሁለተኛው የሰውነት መከላከያ ያለ ልክ መቆጣቱ ነው። ነጭ የደም ሴሎች ወደ ቦታው ይጎርፋሉ፣ የሚረጩት ኬሚካል ቆዳውን ያቀላዋል፣ ያሳክከዋል። ሲታከክ ምርጊቱ ይብሱን ይረግፋል፤ እንዲህ እያለ ይዞራል። የበላነው ጨው በዚህ ዑደት ውስጥ የሚገባበት ቀዳዳ አለ ወይ? ተመራማሪዎቹ የሚፈልጉት ይህንን ነው።

የ2024ቱ ጥናት ያገኘውና ያላገኘው

ጥናቱን የሠሩት ሳን ፍራንሲስኮ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ የመሩት የቆዳ ሐኪሟ ካትሪና አቡአባራ ናቸው። የወጣው ጃማ ደርማቶሎጂ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ነው። ሰዎቹን ራሳቸው አልሰበሰቧቸውም። ብሪታንያ ውስጥ ዩኬ ባዮባንክ የሚባል ግዙፍ የጤና መረጃ ክምችት አለ፤ ከዚያ ከ37 እስከ 73 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ከ215 ሺህ በላይ ሰዎች መረጃ ወሰዱ። እነዚህ ሰዎች የሽንት ናሙና ሰጥተው ነበር። ከምንበላው ሶዲየም ውስጥ 90 በመቶ ገደማው በሽንት ስለሚወጣ፣ ሽንቱን አይቶ የተበላውን መገመት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናጥራ፤ በዜናዎቹ ላይ በጣም የሚምታታው ይኸው ነውና። ሶዲየምና ጨው አንድ አይደሉም። የምግብ ጨው የሶዲየምና የክሎራይድ ጥምር ነው። 1 ግራም ሶዲየም የሚገኘው 2 ነጥብ 5 ግራም ጨው ውስጥ ነው፤ ይህም ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ትንሽ ያነሰ መሆኑ ነው። እንግዲህ ‹1 ግራም ሶዲየም› የሚለውን ‹1 ግራም ጨው› ብሎ የተረጎመ ሰው አንባቢውን ከእጥፍ በላይ አሳሳተው ማለት ነው።

ወደ ውጤቱ ስንመጣ፣ በቀን በእያንዳንዱ 1 ግራም ተጨማሪ ሶዲየም፣ ሰዎቹ ኤግዚማ አለባቸው ተብሎ የመመዝገባቸው ዕድል በ11 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። በወቅቱ የተቀሰቀሰ ኤግዚማ የመኖሩ ዕድል ደግሞ በ16 በመቶ፣ የበሽታው ደረጃ የመክበዱ ዕድል በ11 በመቶ ከፍ አለ። ተመራማሪዎቹ በዚህ ብቻ አላቆሙም። ከአሜሪካ ብሔራዊ የጤናና የሥነ ምግብ ቅኝት የ13 ሺህ ያህል ጎልማሶችን መረጃ ወስደው፣ በዚህኛው ሽንት ሳይሆን ሰዎቹ በላን ያሉትን ምግብ አስልተው ተመሳሳይ ነገር አገኙ። እዚያ ቁጥሩ 22 በመቶ ሆነ።

22 በመቶ ሲባል ያስደነግጣል። ግን ምን ማለት ነው? የብሪታንያውን እንውሰድ። ከተሳታፊዎቹ ኤግዚማ የተመዘገበባቸው ከ100 ሰው 5 ያህሉ ናቸው፤ ከ1000 ሰው 50 መሆኑ ነው። ዕድሉ በ11 በመቶ ከፍ ሲል 50 የነበረው ወደ 55 ይጠጋል። ከ100 ሰው 11 ሰው ተጨምሮ ታመመ ማለት አይደለም፤ ከሺህ አምስት ነው። ይህ ለአንድ ሰው ትንሽ ነው። ሚሊዮኖች ለሚበሉት ነገር ግን ትንሽ አይባልም፤ ተመራማሪዎች የሚከታተሉትም ለዚህ ነው። እኔ ርዕስ አውጣ ብባል ሁለቱንም መናገር የሚችል ርዕስ ነው የምፈልገው፤ እንዲህ ዓይነት ርዕስ ደግሞ እንደማይሸጥ ኮርሱ ላይ ተነግሮናል።

አሁን ወደ ‹ያመጣል› እንመለስ። ጥናቱ ግማሹን ሰው ጨው አብልቶ፣ ግማሹን ከልክሎ ማን እንደታመመ የታዘበ አይደለም። ፎቶ እንደ ማንሳት ነው፤ ጨውና በሽታው ፎቶው ላይ አብረው ታዩ፣ ማን ማንን እንዳመጣው ግን ፎቶ አይናገርም። ብዙ ጨው የሚበላ እንግሊዛዊ ወይም አሜሪካዊ ብዙውን ጊዜ የታሸገ ምግብም አብዝቶ ይበላል። ታዲያ ጥፋቱ የጨው ነው ወይስ አብሮት የመጣው የሌላው? በስሌቱ ላይ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የትምህርትና የኑሮ ደረጃ ግምት ውስጥ ገብተዋል። ሁሉንም አጥርቶ ማውጣት ግን በእንዲህ ያለ ጥናት አይቻልም። ተመራማሪዎቹም የጻፉት ‹ተያይዞ ተገኘ› ብለው እንጂ ‹አመጣ› ብለው አይደለም። ቃሏ የተለወጠችው በመንገድ ላይ ነው።

ሽንትን አንድ ጊዜ ብቻ መለካቱስ? ይህንን ሳጣራ በጣም የገረመኝ ነገር አገኘሁ። ሞስኮ ውስጥ ወደ ማርስ የሚደረግ ጉዞን መሬት ላይ ለመሞከር ሲባል ጥቂት ወንዶች በተዘጋ ማደሪያ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። የመጀመሪያው ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2009 ለ105 ቀን፣ ቀጣዩ ከ2010 እስከ 2011 ለ520 ቀን ነበር። ጀርመናዊው የጨው ተመራማሪ የንስ ቲትሰና ባልደረቦቻቸው ይህን አጋጣሚ ተጠቀሙበት። ሰዎቹ የሚበሉት ጨው ተለክቶ ለሳምንታት በቀን 12 ግራም፣ ከዚያ 9፣ ከዚያ 6 እየተደረገ ተሰጣቸው፤ ሽንታቸውም በየቀኑ ተጠራቅሞ ተለካ። የሚበሉት ጨው በየቀኑ እኩል ሆኖ ሳለ የሚወጣው እኩል አልነበረም። በሳምንትና ከዚያም በረዘመ ዑደት ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተወሰደ ሽንት ለአንድ ሰው ሸካራ መለኪያ ነው። 215 ሺህ ሰው ሲሆን ስህተቱ በብዛቱ ይጣጣል እንጂ፣ አንድ ሰው ሽንቱን አስመርምሮ ‹‹ኤግዚማዬ ከዚህ ነው›› ሊል አይችልም።

ያልወጣው ጨው የት ሄደ?

የኮርስ መጽሐፎች ለረጅም ጊዜ ሲያስተምሩ የኖሩት፣ ጨው በደምና በሴሎች መካከል ባለው ፈሳሽ ውስጥ እንደሚዞርና ትርፉን ኩላሊት እንደሚያስወጣው ነው። እነ ቲትሰ ያሳዩት ሰውነት ሶዲየምን ቆዳና ጡንቻ ውስጥም እንደሚያከማች ነው። ቆዳ የጨው ጎተራ ነው ማለት ይቻላል። ይህ ሲታወቅ የቆዳ ሐኪሞች ጆሯቸውን አቆሙ።

እ.ኤ.አ. በ2013 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ሁለት ጥናቶች በአንድ ጊዜ ወጡ። ጉዳያቸው ቲ-ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ቲ-ሴሎች ጨው በበዛበት ፈሳሽ ውስጥ ሲያድጉ ቲ-ኤች-17 ወደሚባለው ቁጡ ዓይነት የመለወጥ ዝንባሌያቸው ጨመረ። ጨው የበዛበት ምግብ የበሉ አይጦችም ላይ፣ መከላከያ ሴሎቻቸው የራሳቸውን ነርቭ የሚያጠቁበት በሽታ ባሰባቸው። ቲ-ኤች-17 ሶሪያሲስ በሚባለው፣ ቆዳ እየወፈረና ነጭ ቅርፊት እያወጣ በሚረግፍበት በሽታ ውስጥ ዋና ተዋናይ ነው። ለኤግዚማ ግን ይበልጥ የሚፈለገው ቲ-ኤች-2 የሚባለው ወንድሙ ነው።

እሱ ላይ የሠሩት በሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ክሪስቲና ዚሊንስኪና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። በመጀመሪያ በላቦራቶሪ ጨው ቲ-ሴሎችን ወደ ቲ-ኤች-2 እንደሚገፋ አሳዩ። ቀጥለው ኤግዚማ ካለባቸው ሰዎች ከታመመው ቦታና ካልታመመው ቦታ ትንሽ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ወሰዱ። ሶዲየሙን ለመለካት ደግሞ ናሙናውን ለምርምር ወደሚያገለግል የኒውክሌር ማብላያ ወስደው በኒውትሮን አስደበደቡት፤ እንዲህ ሲደረግ ውስጡ ያለው ሶዲየም ራሱን በጨረር ያሳብቃል። በታመመው ቆዳ ውስጥ የተገኘው ሶዲየም እስከ 30 እጥፍ የበለጠ ነበር። 30 በመቶ አላልኩም፣ 30 እጥፍ። የሶሪያሲስ ሕሙማን ላይ ግን በዚያ ጥናት እንዲህ ያለ ጭማሪ አልታየም።

ይህን ያነበበ ሰው ‹‹በቃ ተገኘ›› ማለቱ አይቀርም። እኔም ለእህቴ ልደውል ስልኬን አንስቼ ነበር። ነገር ግን ያ ጨው ከምግብ መምጣቱ በዚያ ጥናት አልታየም። ግድግዳው የፈረሰ ቆዳ እርጥበቱን ሲያጣ ጨው በራሱ ሊጠራቀምበት ይችላል፤ ያኔ ጨው የበሽታው ውጤት እንጂ ምክንያት አይደለም ማለት ነው። ወይም ሁለቱም ይሆናል፤ በሽታው ጨው ይጠራል፣ ጨው በሽታውን ያባብሳል። ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የሚባለው ባክቴሪያም በዚህ መሃል አለ። ይህ ጀርም ጨው የማይበግረው ነው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ከሌሎቹ ለይተው የሚያሳድጉት 7 ነጥብ 5 በመቶ ጨው ባለው መኖ ላይ ነው። የኤግዚማ ቆዳ ላይም በብዛት የሚሰፍረው እሱ ነው። ጨዋማ ቆዳ ለእሱ ሠርግና ምላሽ ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል።

ደግሞ ጨው በከንቱ ቆዳ ውስጥ አይቀመጥም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት ላይ ብዙ ጨው የበሉ አይጦች የሌሽማኒያ ጥገኛ ተሕዋስያንን ከቆዳቸው ላይ የተሻለ ተከላክለዋል። ሌሽማኒያ እኛ አገር በደጋው ቁንጭር የምንለውን የፊት ቁስል የሚያመጣው ነገር ነው፤ የእኛው ዝርያ ለየት ያለ ቢሆንም። እንግዲህ ቆዳ ጨው የሚያከማቸው ለጠላት መከላከያ ይሆናል የሚል ሐሳብ ከዚህ ተነሣ። መከላከያው ያለ ጠላት ሲቆጣ ነው ኤግዚማ የሚሆነው። እባካችሁ ግን ቁንጭር ያለበት ሰው ጨው ይላስ አላልኩም፤ አይጦች ናቸው።

የእኛ ማድ ቤት

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ2 ግራም ያነሰ ሶዲየም፣ ማለትም ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይበቃዋል ይላል። ይህ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ትንሽ ጎደል ያለ ነው፤ ለልጆች ደግሞ ከዚህም ያንሳል። ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገው አገር አቀፍ ቅኝት የአንድ ሰው የቀን አማካይ 8 ነጥብ 3 ግራም ጨው ሆኖ ተገኝቷል።

ይህን ካነበብኩ በኋላ የእኛን ቤት ለመለካት አንድ ቀላል ዘዴ ታየኝ። እናቴ የአንድ ኪሎ ጨው ፓኬት የከፈተችበትንና የጨረሰችበትን ቀን ካላንደሩ ላይ ምልክት እንድታደርግ በስልክ ለመንኳት። ‹‹ደግሞ ጨው መቁጠር ጀመርክ?›› ብላ ከሳቀች በኋላ አደረገችልኝ። እህቴ ጨው ስለማይሰጣት፣ እኔም እዚህ ስለሆንኩ፣ ከፓኬቱ የሚበሉት አራት ሰዎች ናቸው። ፓኬቱ 30 ቀን ቆየ። 1000 ግራም ለ4 ሰው ለ30 ቀን ሲካፈል 8 ነጥብ 3። የአገሩ አማካይ ቁጭ! ትንሽ የሚፈስ፣ ከተረፈ ወጥ ጋር የሚደፋ ይኖራል። በሌላ በኩል ደግሞ በርበሬው ሲዘጋጅ የገባበት ጨው፣ የሱቅ ዳቦው፣ ለቁርስ የሚመጣው ሳምቡሳ አልተቆጠረም።

ይህ ቁጥር አንድ ነገር ያሳያል። አሜሪካ ውስጥ ሰው ከሚበላው ሶዲየም ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ፋብሪካና ምግብ ቤት ውስጥ የገባ ነው፤ በላተኛው አያየውም። የ2024ቱ ዜና ሲሰራጭ 1 ግራም ሶዲየምን በአንድ ትልቅ ሃምበርገር የመሰሉት ለዚህ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ሃምበርገሩ ለማንም ምንም አይነግረውም። በእኛ ቤት ጨው የሚገባው በእጅ ነው፤ እናት ትቀምሳለች፣ ትጨምራለች። ይህ መጥፎም ጥሩም ነው። መለኪያ የለውም፣ መቀነስ ግን በአንድ ሰው ውሳኔ ይቻላል። ከ8 ነጥብ 3 ወደ 5 ግራም ጨው መውረድ በሶዲየም ሲሰላ 1 ነጥብ 3 ግራም ያህል መቀነስ ነው፤ ጥናቱ ከተናገረለት መጠን ይበልጣል ማለት ነው።

ግቢ ውስጥ ያለነውን በተመለከተ ብዙ አልልም። ካፌ የሚቀርበው ወጥ ጨዉ አነሰ ሲባል ጠረጴዛ ላይ ያለውን ጨው ሳይቀምሱ የሚነሰንሱ ጓደኞች አሉኝ። ዶርም ውስጥ ሌሊት የምናፈላው ኑድል ደግሞ ጨዉ ያለው ከውስጡ በሚወጣው ትንሽ ከረጢት ውስጥ ነው። ግማሹን ብቻ ብትጨምሩ ግማሹን ቀነሳችሁ።

ጨው መቀነስ አንድ ነገር፣ ጨርሶ መከልከል ሌላ ነገር ነው

እህቴን በተመለከተ ያሳሰበኝ ይህኛው ነው። አገራችን ውስጥ ለምግብነት የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት እ.ኤ.አ. በ2011 ደንብ ወጥቷል። ምክንያቱም የደጋው አፈርና ውሃ አዮዲን ስለሚያንሰው እንቅርት በብዛት ይታይ ስለነበር ነው። አዮዲን ለአንገት እብጠት ብቻ አይደለም፤ የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞን የሚሠራው በእሱ ነው፣ ይህ ሆርሞን ደግሞ ለልጅ እድገትና ለአእምሮ ያስፈልጋል። የባሕር ዓሣ በማይበላበት ቤት ውስጥ ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ዋናው የአዮዲን ምንጭ ያ የጨው ፓኬት ነው። ለኤግዚማ ተብሎ እሱን ጨርሶ መንሳት የተረጋገጠ ነገር ለተጠረጠረ ነገር መክፈል ነው። ምግብ አልበላም ብላ የምትተወው ሲጨመርበት ደግሞ ኪሳራው ይከፋል።

ሌላው ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ‹‹ጨው ለቆዳ መጥፎ ከሆነ ሰዎች ሙት ባሕር ድረስ ሄደው የሚታጠቡት ለምንድን ነው?›› የሚለው ነው። እስራኤል ውስጥ ሙት ባሕር ዳር የሶሪያሲስ ሕሙማን ሲታከሙ መኖራቸው እውነት ነው። የሙት ባሕር ጨው ግን ከወጥ ጨው ይለያል፤ ማግኒዥየም የበዛበት ነው፣ ከዚያም ላይ ፀሐዩ አብሮ ይሠራል። ከውጭ የሚቀባና በአፍ የሚገባ ነገር መንገዳቸው የተለያየ ነው። ይህን ሰምቶ የወጥ ጨው በጥብጦ የቆሰለ ኤግዚማ ላይ ማፍሰስ ማቃጠል ብቻ ነው ትርፉ።

እንግዲህ ጥር ላይ ለዕረፍት ስሄድ እናቴን ያልኳት ይህንን ነው። ትንሿ ድስት ትቅር፤ በትልቁ ድስት የሚገባው ጨው ለሁላችንም ይቀነስ። ለአባታችን የደም ግፊትም የሚበጀው ይኸው ነው፤ ጨውና የደም ግፊት መያያዛቸው ደግሞ እንደ ኤግዚማው ገና የሚጠረጠር ሳይሆን ሰዎችን በሁለት ከፍሎ በመሞከር የታየ ነገር ነው። ጤና ጣቢያ የተሰጣት ቅባት አይቋረጥ። ገላዋን እንደታጠበች፣ ቆዳዋ እርጥብ ሳለ፣ ቫዝሊን ትቀባ። በልብስ ሳሙና መታጠቡ ይቅር። ቢጫ ፈሳሽ ካዠ ወይም ትኩሳት ካላት ጨው ሳይሆን ሐኪም ነው የሚፈለገው።

እናቴ ለሦስት ቀን ‹‹ይሄ ወጥ አልጣፈጠም›› ስትባል ከረመች። በሁለተኛው ሳምንት የሚያጉረመርም ጠፋ፤ ምላስ ይለምዳል። ቀጣዩ ፓኬት ለአምስት ሰው 32 ቀን ቆየ፤ ለአንድ ሰው በቀን ከ6 ግራም ትንሽ የበለጠ መሆኑ ነው። ገና 5 አልገባንም።

የእህቴ ክርን ከየካቲት ጀምሮ ደህና ነው። ቫዝሊኑም፣ የሳሙናው መቀየርም፣ የውርጩ ማለፍም፣ የወጡ ጨው መቀነስም በአንድ ወር ውስጥ ስለሆነ የትኛው እንደሠራ መለየት አልተቻለም። እህቴ ቫዝሊኑ ነው ትላለች። እናቴ የውርጩ ማለፍ ነው ባይ ናት። ጎረቤታችን ደግሞ እህቴን ደጅ ባዩዋት ቁጥር ‹‹ጨው ነው ብያችሁ አልነበር?›› ይላሉ።